እናታችን ትጠየቅ

«እማዬ፣ እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ። ይወለድ ወይስ ይቅር?»

ወንድሜ ኖቢሲ ይህን ሲል የሰማሁት ፎጣ አገልድሜ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር አየኋቸው። ወንድሜ፣ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ በቅዳሜ ጠዋት ከረባት አስሮ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኳል። በሁለት እጁ ለታላላቆች የሚቀርበው ኮላ ፍሬ ያለበት ሳህን ይዟል። ፊት ለፊቱ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠችው ግን እናታችን አይደለችም። እናታችን ከሞተች ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። የተቀመጠችው ልጁ ማቺንዳ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቢጫ ፒጃማ ለብሳ፣ የጥርስ ብሩሿን በአንድ ጉንጯ ወትፋ፣ አባቷን ከላይ ወደ ታች ታየዋለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላድበሰብስ ልናገር። አንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ ከቀትር በፊት፣ ኖቢሲና ሚስቱ ክሎቲልድ ከሐኪም ቤት ተመለሱ። ክሎቲልድ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሟ ረጅም መርፌ ሆዷ ውስጥ አስገብታ ከእንግዴ ልጁ ቅንጣት ወስዳ ነበር፤ የዚያ ቅንጣት ውጤት ነው ዓርብ የደረሰው። በማሕፀኗ ያለው ልጅ የማቺንዳን በሽታ ይዟል። ሲክል ሴል ይሉታል ሐኪሞቹ። እኛ ስም ሳያስፈልገን እናውቀዋለን፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ልጅ የሚያስጮኽ፣ የልጁን ዓይን ቢጫ የሚያደርግ የደም በሽታ ነው። ከማቺንዳ በታች የነበረውን ዋፎን በአራት ዓመቱ የወሰደብንም እሱ ነው። ሐኪሟ «ሰኞ ጠዋት ሐሳባችሁን ቆርጣችሁ ኑ። ይወለድ ካላችሁ ክትትል እንጀምራለን፤ ይቋረጥ ካላችሁ ደግሞ ባይዘገይ ይሻላል» ብላ ሸኘቻቸው። ማታ እራት ቀረበ። ማቺንዳ ተኝታለች ብለን ነው የምናንሾካሹከው። በመጨረሻ ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠና «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ባንጁን እወጣለሁ። እናታችንን ጠይቄ እመለሳለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲመጣ፣ ትውልድ መንደራችን ባንጁን ወጥቶ፣ የእናት የራስ ቅል ያረፈበት ጎጆ ገብቶ፣ ጨውና የዘንባባ ዘይት አፍስሶ መጠየቅ ወጋችን ነው። ጊዜው ግን መስከረም ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን እየበላው፣ መኪና በየጭቃው እያደረ። እኔ ደግሞ አፌ መዝጊያ የለውም። «አምስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ምን ያንገላታሃል? እናታችን እዚያ ክፍል ተጋድማ ታንኮራፋ የለም እንዴ! እሷን ጠይቃት» አልኩት። መቀለዴ ነው። ፈገግ ቢል ብዬ ነው። ክሎቲልድን እንኳ ከንፈሯን ነካ አደረጋት። ኖቢሲ ግን አልሳቀም፤ መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ያ ቤት እስከ ዛሬ በዓይኔ ይዞራል። ምቮግ-ቤቲ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት ክፍል ከነጓዳው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ሬዲዮው አይሰማም፤ አስፋልት ላይ ቆመን የምናወራ ይመስል እንጯጯኻለን። ባሌ ከሞተ በኋላ ከእነሱ ጋር ገብቼ ነበርና ያን ጊዜ ሳስበው አሁን ድረስ ሆዴ ይባባል። ማቺንዳ ውሃ በላይ በላዩ መጠጣት ስላለባት የትም ዞር ብትል የውሃ ጠርሙስ ነው፤ በመስኮቱ ደፍ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ በጫማ መደርደሪያው ሥር። በየቀኑ የምትውጣት ክኒን በማዮኔዝ ብልቃጥ ውስጥ ጨውና በርበሬው አጠገብ ትቀመጣለች። ልጅቷ ስትወለድ የእናታችን ስም ወጣላት፤ ስሙ ሲወጣላት ደግሞ በወጋችን እናታችን እሷው ሆነች። ኖቢሲ «እማዬ፣ ደህና አደሩ?» ይላታል ገና ጡት ሳትጥል። አጎቶቻችን ከባንጁን ሲመጡ የራስ ሻሽ፣ ሳሙና፣ ሱረት ሳይቀር ይዘውላት ይመጣሉ። እሷም አላፈረችም፤ አፏን ስትፈታ ጀምሮ ቦታዋን ያዘች። «ኖቢሲ፣ አንተ ልጅ፣ ጫማህን አውልቀህ ግባ!» ትላለች። እኔን ፔላዢን፣ የሃምሳ ዓመቷን ሴትዮ፣ «ልጄ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ «የእናትህ ትእዛዝ ነው» ብላ ብስክሌት እንዲገዛላት አባቷን አፋጠጠችው፤ አልገዛላትም እንጂ ሦስት ቀን በሌላ በር ሲገባ ሲወጣ ከረመ። ክሎቲልድ የምባልማዮ ልጅ ናት፤ ወጋችን ወጓ አይደለም። «ጉድ እኮ ነው! ራሴ ወልጄ፣ ራሴ አጥቤ፣ አማቴ ሆና ቁጭ አለችብኝ!» እያለች ትስቃለች። ሕመሙ የተነሳ ቀን ግን ማንም እማዬ አይላትም። ያን ቀን ልጅ ብቻ ናት፤ ጉልበቷን አቅፋ «እማማ! እማማ!» ስትል የምትጠራው ክሎቲልድን ነው።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ፎጣዬን ጨብጬ ሳሎን ገባሁ።

«በስመ አብ! አብደሃል እንዴ አንተ ሰው? ልጅ እኮ ናት!»

«አንቺ አይደለሽ እትዬ ያልሽው?» አለኝ ወንድሜ ሳይነሳ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። «እኔ አልቻልኩም። ይወለድ ልል አፌን ስከፍት ዋፎ ይታየኛል። ይቅር ልል ስከፍት ደግሞ...» ብሎ ዓይኑን ከልጁ ላይ አነሳ፤ አልጨረሰውም።

ክሎቲልድ በጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ቢላ፣ በሌላው ፕላንቴይን የሚሉት የሚቀቀል ሙዝ፣ ግማሽ የተላጠ። ከዓርብ ጀምሮ ቃል አልወጣትም። ባሏ ልጇ ፊት ተንበርክኮ ስለ ሆዷ ሲጠይቅ እያየች እንኳ ምንም አላለችም። እኔም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት፤ የእሷ አገር ሰው ስላልሆንን በወጋችን መግባት አልፈለገችም ብዬ አሰብኩ። ሆዱ ያለው እሷ ጋ መሆኑ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት እሷ መሆኗ፣ በዚያ ሰዓት ለአንዳችንም አልታየንም። ይህን ሳስታውስ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

ማቺንዳ የጥርስ ብሩሹን ከአፏ አወጣች። ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከሳህኑ ላይ ኮላውን አንስታ በጥርሷ ሰብራ ግማሹን ለአባቷ ሰጠችው፤ ልክ እንደ ባልቴት። «መርፌው ከገባ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። «የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ የእናንተ ሹክሹክታ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። ተነስ ኖቢሲ፣ ጉልበትህን ያምሃል። ሳልመክር አልፈርድም። ዛሬ ከልጄ ከፔላዢ ጋር ገበያ እውላለሁ፤ ማታ ከእራት በፊት እነግራችኋለሁ።» አባቷ ተነሳ። እኔም ልብሴን ልለብስ ሄድኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዳቦ ቤቱ ፊት ቆመን ታክሲ ጠበቅን። «ሞኮሎ፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት መቶ!» እያልኩ የምነግድበትን ገበያ ስም ለሚያልፈው ሁሉ እጮኻለሁ። አንዱ ሳይቆም አለፈ፣ ሌላው ምላሱን ጠቅ አድርጎ አለፈ፤ አምስተኛው ጥሩምባውን ነፋ፤ እሺ ማለቱ ነው። ከኋላ አራት ሆነን ተጨናንቀን ገባን። አጠገባችን ዶሮ ያቀፈ ሰውዬ ነበር። ማቺንዳ ብርድ እንዳይመታት ሹራብ በሹራብ ላይ አልብሻት ነበርና ሰውዬው «ይህች ልጅ ወደ በረዶ አገር ነው እንዴ የምትሄደው?» ሲል ቀለደ። «ዶሮህን ያዝ፤ ታክሲው ላይ እንቁላል ትጥልና ሹፌሩ ለእሱም ያስከፍልሃል» አለችው። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ማታ ምን እንደምትል ስታውጠነጥን በጎን ፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር።

ሞኮሎ የምሸጠው ልባሽ ጫማ ነው። ጆንያው ሲከፈት ግራና ቀኙ የተለያየ፣ የጀርመን ጭቃ እንኳ ያልተራገፈለት፤ ያን አጥቤ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ማሰሪያውን ቀይሬ በሸራው ላይ እደረድረዋለሁ። ማቺንዳ ስትመጣ ደስ ይለኛል፤ ጥንድ ማገናኘት እንደ እሷ የሚችል የለም። ያን ቀንም ከጆንያው ሥር ተቀምጣ አንዱን ከአንዱ እያዛመደች ድንገት «ልጄ፣ እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለችኝ።

«ምን ትጠይቂኛለሽ፤ ራስሽ አይደለሽ?»

«ዛሬ ቀልዱን ተዪው፣ አክስቴ።»

«አክስቴ» በዓመት አንዴ ብትለኝ ነው። እናም ነገርኳት። እናቴን በማውራት የማልጠግብ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ደግሞ እንደ ጉድ ወጣልኝ። ሽታዋን ነገርኳት፤ የጭስና ታሮ የምንለው የጎደሬ ልጣጭ። ከእርሻ ስትመለስ ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ጓሮ እንደሚደርስ፣ አባታችን ሲቆጣ ጀርባዋን ሰጥታው እየዘፈነች ታሮ እንደምትወቅጥ፣ ለእኔና ለኖቢሲ በአንድ አንሶላ ውስጥ ሆና ተረት ስትነግረን ከእኛ በፊት እንደምትተኛ። ጧት ጧት ጤዛ ላይ በባዶ እግራችን ስንከተላት ኮቴዋ ላይ ለመርገጥ እንሽቀዳደም ነበር። አሁን የዚያን ጧት ቅዝቃዜ እንኳ ብቻ ቢሰጡኝ ሞኮሎን በሙሉ እተውላቸው ነበር። ከዚያ ማቺንዳ «ስንት ወለደች?» አለችኝ። ስድስት። «ስንት ቀበረች?» አራት። በሁለትና በሦስት ዓመታቸው፣ አንዷ በሰባት ዓመቷ፤ ሁሉም አጥንቴን እያሉ፣ ሁሉም ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ። ያኔ በሽታው ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም፤ ጎረቤት የሚለውን ይላል፣ እናቴ ዝም ብላ ትቀብራለች። የሰባት ዓመቷን ልጅ የቀበረች ለት ሁላችንንም አብልታ ብቻዋን እርሻ ወርዳ እስኪመሽ ቆፈረች።

«እሺ» አለች ማቺንዳ፤ አንድ ቡናማ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ። «ከዚያ በኋላ ቢደገምስ? ሐኪሟ ለእማማ እንደነገረቻት ቀድማ ብትነግራትስ? በሆድሽ ያለው ልጅ እንደ እነዚያ ነው ብትላት?»

ሳላስብ ሳቅሁ። «እናቴን? ሐኪሟን በመጥረጊያ ታባርራታለች እንጂ! ትወልደዋለች። አሥርም ቢሆን ትወልዳለች። እሷ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ የወጣው ሰው ጥርሱን ለቅሞ ነው የሚሄደው።»

በዚህ መካከል አንዲት ወፍራም ሴትዮ መጥታ ቀይ ተረከዝ ያለው ጫማ አነሳች። «ስንት ነው?» ሦስት ሺህ ፍራንክ። «ለሞተ ጫማ?» ካልሞተማ እዚህ ምን አመጣው፣ እናቴ፤ ነይ ለአንቺ ሁለት ተኩል። ሴትዮዋ እግሯን ወትፋ፣ አውጥታ፣ ተንጎራዳ፣ ጥላው ሄደች፤ ከሦስት እርምጃ በኋላ ተመልሳ ሁለት ሺህ ሰጥታ ወሰደችው። ማቺንዳ ምንም የሰማች አይመስልም። ሴትዮዋ እንደሄደች «እማማ ለምን ዝም እንዳለች ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ደንግጣ ነዋ።»

«አይደለም። እኔ ስላለሁ ነው።» ጫማውን አዟዟረችው። «ይቅር ካለች አንቺም ባትወለጂ ይሻለኝ ነበር ያለችኝ ይመስላታል። ስለዚህ አትልም። እኔ እቤት ካለሁ እስከ ሰኞ ሳይሆን እስከ ዓመት አትልም። ግን ጓዳ ገብታ ጆንያው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ሁለተኛ አልችልም፣ ሁለተኛ አልችልም ነው የምትለው። የዋፎን ነው የምትለው መሰለኝ። ወይ የእኔን።»

ጫማውን ከእጇ ተቀበልኳት። «ክሎቲልድ ትወድሻለች» አልኩ። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ባትወደኝማ ትናገር ነበር» አለችኝ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ያየሁት ሰማዩን አይደለም፤ እጇን ነው። ሳታስታውቅ ጭኗን ትሸው ነበር። «ጀመረሽ?» «አልጀመረኝም፤ ውሃ ስጪኝ።» ጠርሙሱን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ሸራውን አጣጥፌ፣ ጫማውን በጆንያ ከትቼ፣ ጎረቤቴን አደራ ብዬ፣ ቀኑ ሳይጋመስ ሞኮሎን ለቀን ወጣን። ዝናቡ ታክሲ ውስጥ ያዘን። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ «አይዞሽ ልጄ፣ እናትሽ አትሞትም» አለችኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሕመሙ ያን ቀን ራራልን። ቤት ገብታ ትኩስ ውሃ በጠርሙስ አቅፋ ተኛች፤ ስትነሳ ጭኗን አልነካችም። ክሎቲልድ ታሮ በቢጫ መረቅ ሠርታለች፤ የእኛን ምግብ ከእኛ አስበልጣ ነው የምትሠራው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ አባርቶ በመስኮቱ ብርሃን ገባ። ኖቢሲ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ውሏል፤ ከረባቱን አልፈታም። ማቺንዳ ከክፍሏ ወጣች። አጎታችን ያመጣላትን ሰማያዊ ሻሽ በራሷ ላይ አስራዋለች። በቀልድ ስታስረው ሁሌ ወደ አንድ ጎን ታጋድለዋለች፤ ያን ቀን ግን ቀጥ አድርጋ ነበር ያሰረችው። ሶፋው መሀል ተቀመጠች። ወንድሜ ጋዜጣውን ጣለና ተንበረከከ። ክሎቲልድ ቢላ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆመች። እኔ ድስቱን በእጄ ይዤ ባለሁበት ቀረሁ።

«ኖቢሲ፣ አንተ ልጅ፣ ስማኝ» አለች። «እኔ ስድስት ወልጄ አራት ቀብሬያለሁ። የቀበርኩ ለት ምን እንደሚመስል ከእኔ ሌላ እዚህ ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ እሷም ክሎቲልድ ናት። አንድ ቀብራለች፤ ይበቃታል። ይሄኛው ይቅር። ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም፤ አንተም አይደለህም። አጎቶችህ ቢጠይቁህ፣ ቄሱም ቢጠይቁህ፣ እናቴ ናት ያለችው ትላለህ። ክሎቲልድን ቀና ብሎ የተናገራት ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ጨርሻለሁ።»

ወንድሜ ራሱን ቀና አደረገና ወደ እኔ ዞረ። ከሁለታችን እናታችንን አብልጬ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ታላቅ ነኝ፤ የቀበረቻቸውን አንዳንዶቹን አዝያለሁ። «እትዬ» አለኝ፤ «እውነት እማዬ እንዲህ ትል ነበር?»

ማቺንዳ አላየችኝም። ጉልበቷ ላይ ያሉትን ጣቶቿን ነው የምታየው። እኔ ክሎቲልድን አየኋት። ፊቷ ላይ ያለውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ እንደሆነ እንደዚያ ነው። እናቴ በመጥረጊያዋ መጣችብኝ፣ ከነጭሷ፣ ከነድምጿ። እናቴን ከምንም አብልጬ እወዳት ነበር። እናቴ ይቅር ትበለኝ፤ ዋሸሁባት።

«ቃል በቃል» አልኩ። «እሷው ናት። ልክ እንዲህ ነበር የምትለው።»

ክሎቲልድ ቢላውን የት እንደጣለችው እንጃ፤ ሶፋው ሥር መጥታ ልጇ እግር ላይ ወደቀች። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ወጣ። «እኔም... እኔም እኮ እንደዚያው ነው ያሰብኩት። አልችልም ነው እንጂ፤ አንቺን ግን... ማቺንዳዬ፣ አንቺን ግን...» ልጅቷ መዳፏን እናቷ አፍ ላይ አደረገች። «አማትሽ ስትናገር አታቋርጪ» አለቻት፤ ክሎቲልድ እያለቀሰች ሳቀች። ኖቢሲ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ታሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም አንድም ሳይተርፍ በላነው።

ሰኞ ሄዱ፣ ማክሰኞ ተመለሱ። ክሎቲልድ አንድ ሳምንት ተኛች፤ ከዚያ ተነስታ ገበያ ወጣች። አጎቶቻችን መጥተው ሲያጉረመርሙ ወንድሜ «እናቴ ናት ያለችው» አላቸው፤ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ነገር ክሎቲልድን ቀና ብሎ ያያት የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። ኖቢሲ ጡረታ ወጥቶ ምባልማዮ ከሚስቱ ዘመዶች አጠገብ ቤት ሠራ። ማቺንዳ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዱዋላ ትሠራለች፤ ሕመሙ በዓመት ሁለት ሦስቴ አልጋ ላይ ያውላታል፤ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ምቮግ-ቤቲ ያ ቤታችን ፈርሶ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ሰዎች እብድ እንዳይሉኝ ነው እንጂ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የዚያ ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ያለው ነው። ብርሃኑ ገና አልጠፋም ነበር። ግቢ ውስጥ ባለው ቧንቧ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ሻሹን ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች። «ውሸታም» አልኳት በሹክሹክታ። «ውሸታምስ አንቺ፤ ቃል በቃል!» አለችኝና ሁለታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ አንድ ሳህን ሁለት ጊዜ አለቀለቀች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ይቅር ያለችው አያቴ ናት እንግዲህ» አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ጥያቄው አፌ ላይ መጣ። አንቺስ፣ ማቺንዳ? አንቺስ ምን ትያለሽ? ሁለት ቃል ነው። ግን ፈራሁ። ይወለድ ብላ ብትለኝ፣ ክሎቲልድ ገና ያገኘችው ሰላም በእኔ እጅ ይሰበራል። ይቅር ብላ ብትለኝ ደግሞ፣ ስለ ራሷ ምን እያለችኝ እንደሆነ መስማት አልቻልኩም። ሳህኑን ማድረቅ ቀጠልኩ። እንደምትጠብቀኝ አውቅ ነበር፤ እጇ ላይ እቃ የለም፣ ውሃው ባዶውን ይወርዳል፣ እሷም ውሃውን ታያለች። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን በቀሚሴ ጠረገችና «ልጄ፣ በረደኝ፤ ብርድ ልብሴን አምጪልኝ» ብላ ገባች።

ብርድ ልብሷን አመጣሁላት። ጥያቄውን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።